አንድ ሪሞት ለሁለት መኪና

ታላቅ ወንድሜ ሆሳዕና ውስጥ እህል ነጋዴ ነበር። ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነው፤ እሱ ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የሰማውን ሁሉ ቤት ይዞ የሚገባ ሰው። ወጥ ጨው ካነሰው ሚስቱ ሂሷን መዋጥ አለባት።

ሁለተኛዋን መኪና ሲገዛ ለእኔ ሰጠኝ፣ ማለትም እንድነዳለት። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ አላርም የሚገጥም ባለሙያ ጠራና ሁለቱም መኪኖች በአንድ ሪሞት እንዲከፈቱ አስደረገ። ባለሙያው «ጋሼ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሪሞት አላቸው እኮ» ቢለው፣ «ቁልፍ ሲለያይ ቤት ይለያያል» ብሎ አፉን አስያዘው።

እኔ እጅ የቀረችው የሞተር ማስነሻዋ ቁልፍ ብቻ ናት። መኪናዋ በሪሞት ካልተከፈተች አትነሳም፤ በግድ ከነካኋት ሰፈሩ እስኪሰበሰብ ትጮሃለች። ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እሱ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በመስኮት እጁን ያወጣና ጢት ያደርግልኛል። ሥራ ላይ ስሆን አልቆልፋትም፤ ሽንቴ ቢመጣ እንኳ ከአጠገቧ አልርቅም። አንድ ቀን «ለእኔም ሪሞት ይሰጠኝ» ብለው፣ «የአመለካከት ችግር አለብህ» አለኝ። ወይ ጉድ! የመኪና በር ለመክፈት አመለካከት!

እንዲህ እያልን ዳምቦያ ላለች ልጅ ሽማግሌ የምንልክበት ቀን ደረሰ። ልጅቷን ከልቤ ወድጃት ነበር፤ አባቷ እንቢ ካሉ ምን እንደምሆን አላውቅም። በወጋችን የሚያገባው ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይታይም፣ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አምስት ናቸው፣ ከወንድሜ ጋር ስድስት፤ አንድ መኪና አይበቃቸውም። ሁለተኛዋን ማን ይንዳ? የእኛን መኪና ባዳ አይነዳትም አለ ወንድሜ። «አድርሰሃቸው የኋላ ወንበር ላይ ትተኛለህ፤ ማንም አያይህም።»

ደረስን፤ ተኛሁ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ወንድሜ ከኋላቸው ኮራ ብሎ መኪናውን ቆለፈ። የእሱ ጢት ስትል የእኔዋም ጢት አለች።

ፀሐዩ እኩለ ቀን፣ መስኮቱ ዝግ። ላቤ ይንቆረቆራል። በልቤ «ያ አላህ፣ እሺ አስብላቸው» እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። እግሬ ደነዘዘ። ትንሽ፣ ወላሂ ትንሽ፣ ዘርጋ ባደርገው መኪናዋ ኡኡታዋን ለቀቀችው።

የሰፈሩ ሰው ግር ብሎ ወጣ። አንዱ «ሌባ! መኪና ውስጥ ሌባ አለ!» ይላል። የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡና በመስኮቱ አጎንብሰው አዩኝ። እኔም እንደተኛሁ አየኋቸው። ሰላም ልበል? ልነሳ? ወንድሜ ሮጦ ሪሞቱን ሲጫን ጩኸቱ ቆመ።

«ይሄ ማነው?» አሉ አባቷ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እ... እየጠየቅንለት ያለው ልጅ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቷ አልሳቁም። እስካሁን ከጎረቤቱ ጋር በከምባትኛ ነበር የሚያወሩት፤ አሁን ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ ጠየቁ፤ «መኪኖቹ የማን ናቸው?»

«የእኛ የወንድማማቾቹ ናቸው» አለ ወንድሜ።

«ቁልፋቸውስ?»

«እኔ ጋ ነው። አንድ ነው፣ አንድነታችንን ከማጠናከር አኳያ...»

እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙትና ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ይበልጥ ያሳፈረኝ እሱ ነው። «ልጄ፣ ለራስህ በር መክፈት ካልቻልክ፣ ልጄን የት ልታስገባት ነው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የቀረበልንን ምሳ ሳንነካ ተመለስን።

ሆሳዕና ስንደርስ ወንድሜ «ጉዳዩን ቁጭ ብለን እንገመግመዋለን» አለ። ደሜ ፈላ። የመኪናዋን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጥኩና «በላ፣ ሁለቱንም መኪና ገምግም» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ተከራይቼ ከሆሳዕና ዳምቦያ የሰው ሚኒባስ መንዳት ጀመርኩ። ወንድሜ አኮረፈኝ፤ እኔም አኮረፍኩት። ሁለተኛዋ መኪና ግቢው ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆማለች አሉ። እሱ ጠዋት የራሱን ሲከፍት እሷም ትከፈታለች፤ የሚገባባት የለም።

ከስምንት ወር በኋላ እንደገና ሽማግሌ ላክሁ። ያለ ታላቅ ወንድም ደግሞ አይሆንም፤ ሰው ልኬ አስለመንኩት፤ ሄደልኝ። እኔ እንደ ወጉ ሆሳዕና ቀረሁ። የሆነውን የነገሩኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው።

አባቷ ወንድሜን ሲያዩ «አሁንስ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አሉት።

የስብሰባ ቃል አጥቶ የማያውቀው ወንድሜ መሬት መሬት አየ። «ሁለቱም ቁልፍ እኔ ጋ ነው» አለ፤ «ወንድሜ ነው እኔ ጋ የሌለው።» ይህን ብሎ ሽማግሌነቱን ረስቶ አለቀሰ።

ልጅቷን የሰጡን ያኔ ነው።