ከብት ሳይገባ የማይወራ ተረት

በእኛ በአዊ አገር ተረት በቀን አይወራም። ከብቱ ከመስክ ሳይገባ ተረት የጀመረ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል ይባላል። ጋዜጠኛ ሆኜ ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ተረት ስለቅም ስኖር ይህን እንደ ቀልድ ነበር የምወስደው። እስኪመሽ መጠበቅ ምን ይከብዳል?

ሰላሙ ሲደፈርስ ግን ከበደ። ባጃጅ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቆማል። እንግዳ ያሳደረ ቤት በዚህም በዚያም ወገን ይጠየቃል። የጥርባ ሐይቅ እንዴት እንደተፈጠረ የሚተርከውን ተረት እስከ መጨረሻው የሚያውቁት ደግሞ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተው ነበር። ሌሎቹ ግማሹ ላይ ሲደርሱ፣ «ከዚያ ወዲያ እሳቸውን ጠይቅ» ይሉኛል።

እሳቸው ደግሞ ግትር! በሄድኩ ቁጥር ድንች ቀቅለው ያበሉኝና «ማታ ና» ብለው ይሸኙኛል።

«አባቴ፣ ማታ መንገዱ ዝግ ነው እኮ።»

«እንግዲያስ እስኪከፈት ቆያ!»

እየተናደድኩ እመለሳለሁ። ሰው ለተረት ይህን ያህል ይጨክናል?

መንገዱ ሳይከፈት እሳቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ምራታቸው ደውላ «ቶሎ ድረስ፣ ደክመዋል» አለችኝ። ስደርስ ረፋድ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በሩን ዘግቼ መስኮቱ ላይ ጋቢዬን ሰቀልኩበት። ቤቱ ጨለመ።

«አባቴ፣ መሸ እኮ። ያቺን የጥርባን ነገር ይንገሩኝ።»

«ከብቶቹ ገቡ?»

«ገብተዋል።»

ጆሯቸውን ወደ በሩ ጥለው አዳመጡ። ከብቶቹ እሳቸው ከተኙ በኋላ በግርግሩ ተነድተው ቀርተዋል፤ እንዳይደነግጡ ተብሎ ነገሩ ተደብቋቸው ነበር።

«ታዲያ ምነው ድምፃቸው አይሰማኝ?»

ምራታቸው ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ስታለቅስ ሰሟት። ነገሩ ገባቸው።

«ሳላወራም ጠፉ?» አሉ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለመንኳቸው፣ እግራቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ተረቱን ሳይነግሩኝ በነጋታው አረፉ።

ለቅሶ ስደርስ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ከመቀመጫው ተነሳልኝ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ አንተ ባትመላለስ ኖሮ ያ ተረት አብሯቸው አፈር ይገባ ነበር» አሉኝ። የሰማ ሁሉ መረቀኝ።

አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ።