ሚስቴን ሐኪም ቤት ሳገኛት

የድብርት መድኃኒት መዋጥ ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። አፌን ያደርቀኛል፣ ሱቅ ተቀምጬ እንቅልፍ ይጥለኛል። ለሚስቴ ለዘሀራ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ባለፈው ሳምንት «ዕቃ ላመጣ ዶካ ከተማ ደርሼ ልምጣ» ብያት እዚሁ በምንኖርበት የሱዳን ከተማ ገዳሪፍ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ።

ተራ መጠበቂያው ክፍል ስገባ ዘሀራ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ የተከናነበችውን ቶብ ወደ ፊቷ ሳበች። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ዶካ እዚህ ነው እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አንቺስ እህቴ ጋ ነኝ አላልሽኝም?»

በሩ ተከፈተና ሱዳናዊቷ ሐኪሜ ዘሀራን ጠራቻት። እኔንም አየችኝና ግራ ገባት። «ባልሽ እሱ ነው? ይግባ?» ስትላት ዘሀራ መሬት መሬቱን እያየች «ይግባ» አለች።

ሐኪሟ እንደተቀመጥን፣ «የድብርቱን መድኃኒት በድንገት እንዳታቆሚ» አለቻት። «ማቆሙም መቀጠሉም የየራሱ ስጋት አለው። ለፅንሱም ለአንቺም የሚሻለውን አብረን እንመርጣለን።»

«አንቺም ትውጫለሽ?» ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ፅንስ መባሉ የገባኝ። ወደ ዘሀራ ዞርኩ።

«እርግዝናውን ዛሬ ልነግርህ ነበር» አለችኝ። «መድኃኒቱን ግን መቼም አልነግርህም ነበር።»