ዘጠኝ ሰዓት ተቀዝፎ አንዲት ዶሮ

ወሬው ሰኞ ጠዋት ከአውቶቡስ መናኸሪያው የውሃ ቧንቧ ሥር ተወለደ። ማክሰኞ እግር አወጣ፣ ረቡዕ ክንፍ አበቀለ፣ ሐሙስ ደግሞ ያለ ሐፍረት ባለጉዳዩ ደጃፍ ድረስ ሄዶ በሩን አንኳኳ። የሚባለውም ይህ ነው፦ ጥርስ ሠሪው «አሻጋሪ» የሚባለውን ጌም በድብቅ ይጫወታል። መጫወት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ እየተጫወተ አልቅሷል። ከሁሉም የከፋው ግን፣ ከሠራቸው ሰው ሠራሽ ጥርሶች በአንዱ ላይ፣ በላንቃ በኩል፣ ምላስ ብቻ በሚደርስበት ቦታ ትንሽ ጀልባ ቀርጿል።

እንግዲህ ይህን ማን ያምናል? ወሬ ሲወለድ ድዱን ነው፤ ጥርስ የሚያበቅልለት ሰው ነው። ጥርስ ሠሪው ጀልባ ቀዘፈ ከሚባል ዓሣ ጃንጥላ ይዞ ታየ ቢባል ይቀላል። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ፤ እሱ ግን ጌሙን የሚጠሉት ሁሉ አባት ነው!

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። «አሻጋሪ» ማለት ወንዝ ያለበት፣ ጀልባ ያለበት፣ የሚቀዘፍበት ጌም ነው። ጠላት የለው፣ ጠመንጃ የለው፣ ነጥብ የለው። መንገደኛ ትጭናለህ፣ ታሻግራለህ፣ ትመለሳለህ፤ አለቀ። ጥርስ ሠሪው በዕረፍት ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተጫወተና በከተማው የተጫዋቾች ገጽ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ዘጠኝ ሰዓት ቀዝፌ አንዲት ዶሮ አሻገርኩ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሄኛው አፋፍ ላይም አልቆመም። አገር ምድሩ ሳቀ። ሁለት ሰዎች በሳቅ መንጋጋቸው ወልቆ ወደ ራሱ ወደ ጥርስ ሠሪው ተወስደዋል ይባላል። ዓረፍተ ነገሩ ካናቴራ ላይ ታተመ። አንዲት ነርስ ተረኝነቷን ስትጨርስ «ዘጠኝ ሰዓት ቀዝፌ አንዲት ዶሮ» ብላ ለተተኪዋ ታስረክብ ጀመር። ተጫዋቹ ሁሉ የሚያመሽበት ጌም ቤትም ለሁለት ተከፈለ። የጌም ቤቱ ባለቤት እትዬ ሪሞት (ሪሞቱን ከእጇ ስለማታወርድ ነው ስሟ) ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ነበሯት። በግራው «አሻጋሪ»ን የሚጠሉት ተቀመጡ፤ በቀኙ የሚወዱት። መሐላቸው ላይ የአበባ ማሰሮ አቆመች። ከማሰሮው ወዲያ የተሻገረ ሰው ሻይ አይቀዳለትም።

የግራው ወንበር ጥርስ ሠሪውን አለቃ አደረገው። ሳይጠየቅ። የወንበሩ አባል የሆነችው ልብስ ሰፊ በገዛ እጇ ዶሮ የተጠለፈበት ትራስ ሠርታ መቀመጫው ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ ሠሪው ሦስት ዓመት ሙሉ ዶሮዋ ላይ ተቀምጦ ኖረ። ሲገባ «ዶሮዋ ተሻገረች?» ይሉታል። «ገና ነች፤ ውሃው ቀዝቅዟት ነው» ይላል። ይስቃሉ። በየቀኑ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው ሳቅ። አንድ ቀን ደክሞት መልሱን ቢያስቀር «አሞሃል እንዴ?» ብለው ግንባሩን ዳሰሱት።

ሰው ታዲያ እንዲህ ያለውን ወንበር ለምን አይለቅም? እዚህ ላይ ነው ማነቆው። አምና እናቱ በታመሙ ጊዜ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር፤ ቤታቸው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው። የግራው ወንበር ሰዎች ሥራቸውን ጥለው መጥተው እማማን ከነመቀመጫቸው ተሸክመው አወረዷቸው። ከፊት ሆኖ፣ ኋላውን ለደረጃው ሰጥቶ፣ አንድ አንድ እርከን እየቆጠረ ያወረዳቸው የአውቶቡስ ሹፌሩ ነው፤ ስልሳ ዓመቱ ነው፣ ወገቡም ጤነኛ አልነበረም። እማማ ድነው ሲመለሱም በዚያው ሁኔታ አወጧቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ብሎ ጥሎ መሄድ በየትኛው አፍ?

ሐሳቡን የቀየረው እንዲህ ነው። ከቀኙ ወንበር ፋርማሲስቷ አንድ ቀን ከማሰሮው ማዶ ጠየቀችው፦

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተጫውቻለሁ ይላሉ አይደል? እስቲ በአሥረኛው ሰዓት ምን እንደሚሆን ይንገሩኝ።»

«ሁለተኛ ዶሮ ትመጣ ይሆናላ!» አለ፤ ወንበሩ በሳቅ ተናወጠ። እሱ ግን ጥያቄዋ ጥርሱ መሐል እንደገባ ስንጥር እረፍት ነሳው። መሳቂያ እንዳያደርጉት ሊያጣራ አሰበ። ለማጣራት ብቻ።

መሥሪያ ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በመደርደሪያው ላይ የከተማው ሰው መንጋጋ በጄሶ ተቀርጾ ተደርድሯል፤ የጡረተኛው ዳኛ፣ የአትክልት ሻጯ፣ የሙዚቃ አስተማሪው፣ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ጄሶ ፈስሶ እስኪጠነክር አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ በሩን ቆልፎ፣ ስልኩን ከሰም ማቅለጫው ጀርባ አቁሞ፣ በአሮጌው ስሙ እንዳይታወቅ ስሙን ብቻ ለውጦ ካቆመበት ቀጠለ።

አሥረኛው ሰዓት ላይ ዶሮዋ ወንዙ ዳር ቆማ ትጠብቀዋለች። ያቺው ዶሮ። ወደ ጀልባዋ ዘላ ገብታ እግሩ ሥር ትተኛለች፤ ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ አትለየውም። በቃ ይኸው ነው። ጥርስ ሠሪው የጄሶ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ዓይኑን ሲያሽ ጄሶው ዓይኑ ገባ። እንባው የመጣው በጄሶው ነው። ቢያንስ የግራው ዓይኑ እንባ በጄሶው ነው።

ከአሥረኛው ሰዓት በኋላ ደግሞ የሚሳፈሩት መንገደኞች እውነተኛ ሰዎች፣ ከየቤታቸው የገቡ ተጫዋቾች ናቸው። ነገር ግን መነጋገር አይቻልም። መጻፍ የለም፣ ድምፅ የለም፤ ያለችው አንዲት ደወል ናት። ሰው ይሳፈራል፣ ይቀመጣል፣ ይሻገራል፣ ደውሎ ይወርዳል። እዚያ ጀልባ ላይ «ዶሮዋ ተሻገረች?» የሚለው የለም። ሦስት ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታስሮ ለኖረ ሰው፣ አፍ የሌለበት ወንዝ ምን ማለት እንደሆነ ማን ያውቅለታል?

ጄሶ የሚፈስበት ሰበብ በዛ። ሥራ ሲጠፋ ያለቀውን መንጋጋ ደግሞ ይቀርጽ ጀመር። በዚያ ሰሞን በከተማው ጥርሳቸው ገና ያልወለቀ ሰዎች እንኳ የተዘጋጀ መተኪያ ነበራቸው። ማታ ግን ያው ነው፤ ወደ ጌም ቤቱ ይገባል፣ «ዶሮዋ ተሻገረች?»፣ «ገና ነች»፣ ሳቅ፣ ትራሱ ላይ ቁጭ። ዶሮዋን በተቀመጠባት ቁጥር መቀመጫው ይኮሰኩሰዋል።

አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ተሳፈረ። ሲወርድ ሁለቴ ደወለ፤ ምራቅ የመዋጥ ያህል ዝም አለ፤ ከዚያ አንዴ ደወለ። ጥርስ ሠሪው መቅዘፊያውን ለቀቀ። ይህንን አደዋወል ያውቀዋል። በየጠዋቱ በመስኮቱ ሥር ካለው ማቆሚያ አንድ አውቶቡስ ሲነሣ ክላክሱን እንደዚሁ ያደርጋል፤ ሁለቴ፣ ዝም፣ አንዴ። «ሁለቱ ለተሳፋሪ፣ አንዷ ለራሴ» ይላል ሹፌሩ። በግራው ወንበር ላይ ከማንም በላይ ጮክ ብሎ የሚስቀው ሹፌር!

በነጋታው ያው መንገደኛ መጣ። በሳምንቱም መጣ። እናቱን ተሸክሞ ያወረደለትን ሰው ጥርስ ሠሪው በየቀኑ ምሳ ሰዓት ያሻግር ጀመር፤ ሹፌሩ ግን ቀዛፊው ማን እንደሆነ አያውቅም። ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወንዙን ይሳደባሉ።

በዚህ መሐል ሹፌሩ ሦስት የላይ ጥርሶቹን አጥቶ መጣ። ጥርስ ሠሪው ለካ፣ ቀረጸ፣ ሞረደ። ሥራው አልቆ በእጁ ላይ ሲያገላብጠው በአፍ ሊለው ያልቻለውን አስታወሰ። መርፌ የሚያህለውን መሰርሰሪያ አነሣና በሰው ሠራሹ ጥርስ ሮዝ ላንቃ ላይ ጀልባ ቀረጸ። የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ጫፏ ላይ ዶሮ አለች፤ ጥሩ መነጽር ላለው ሰው።

በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ ገብቶ በሩን ከኋላው ቆለፈ።

«አንተ ልጅ፣ ምላሴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወንዝ ላይ ናት።»

«ይፋቅ ካሉኝ አሁኑኑ እፍቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

«እንዳትነካት!» አለ ሹፌሩ፤ አፉን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። «ለካ አንተ ነህ ቀዛፊው። እኔ እኮ ይሄ ሰውዬ ማነው፣ አቀዛዘፉ እንዴት ጨዋ ነው እያልኩ…»

«እርስዎ ደግሞ ከወደዱት ለምን ጠላሁ አሉ?»

«አንተ ስለጠላህ ነዋ! እኔ ገና ሳልጀምረው ነው የጠላሁት።»

ሳቁ። ሳቃቸው አጭር ነበር።

«አንድ ቀን ተነሥቼ እናገራለሁ፣ ጋሼ። መረረኝ። እርስዎም አብረውኝ ይነሣሉ።»

ሹፌሩ መደርደሪያው ላይ ያሉትን መንጋጋዎች አንድ በአንድ አየ። «አንተ ቤትህ ስትገባ እናት አሉህ፣ ሚስት አለችህ። እኔ በሬን ስከፍት የሚቀበለኝ የማጠፊያው ድምፅ ነው። ባለፈው ትኩሳት ሲይዘኝ ሾርባ ይዞ የመጣው ማነው? ወንበሩ። ከማሰሮው ማዶ ያሉት የእኔን ስም እንኳ አያውቁም። በስልሳ ዓመቴ ወንበር አታስቀይረኝ፣ ልጄ።»

በሰኞው ሹፌሩ መናኸሪያው ውስጥ ጥርሱን ቧንቧ ሥር ሲያለቀልቅ ትኬት ቆራጩ ከኋላው ቆሞ ነበር። ትኬት ቆራጩ ደግሞ የቀኙ ወንበር ሰው ነው፤ ዓይኑም አያድርስ። የቀረውን ወሬው ራሱ በእግሩ ሄደበት።

እሁድ ከምሳ በኋላ ጌም ቤቱ ጢም አለ። እትዬ ሪሞት የሁሉንም ስክሪን ድምፅ አጠፋች፤ ይህን ያደረገችው ጣሪያው ካፈሰሰበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ትኬት ቆራጩ ማሰሮው አጠገብ ቆሞ ማለ፦ «በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት! ጀልባ! ከነዶሮዋ!»

«ጋሼ፣» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ ሹፌሩ ዞራ፣ «አፍዎን ይክፈቱና ጥርሱን ያውጡት። ይታይና ይለይለት።»

ሹፌሩ ከንፈሩን ገጠመ። እንደ ተዘጋ የአውቶቡስ በር ሆነ። በጉልበቱ ግን ከጎኑ የተቀመጠውን የጥርስ ሠሪውን ጉልበት ጎሸም አደረገ።

«ምን አስጨነቃችሁ?» አለች ፋርማሲስቷ ከማዶ ጥርስ ሠሪውን እያየች። «ቢጫወቱስ ምን አለበት? ጋሼ፣ ይምጡ፤ እዚህ ቦታ አለ።» ጠጋ አለችለት። በቀኙ ወንበር ጫፍ አንድ ክፍት ቦታ ተፈጠረ። ትራስ የለውም፤ ባዶ እንጨት ነው። ጥርስ ሠሪው አየው። ከአሥረኛው ሰዓት ወዲህ ያንን እንጨት ሲመኝ ኖሯል። ደጋግሞ አየው። ቦታው የአንድ ሰው ነው።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ፊቱ ቆመች። «ከአንተ አፍ እንስማው። ጥያቄው አጭር ነው።»

ጥርስ ሠሪው ትራሱን አመቻችቶ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«አዲስ ጥርስ ድዱን ሳይለምድ ከወለቀ ይበላሻል፤ ጋሼን የሚነካ ከእኔ ጋር ነው» አለ። «ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው። አልተጫወትኩም። አላለቀስኩም። በማንም ጥርስ ላይ ምንም አልቀረጽኩም። ዶሮዋም ዶሮ ነች፤ ሌላ ምንም አይደለችም።»