የእድሩ ስልክ

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ለመያዝ አንድ ክሊኒክ ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ አማራጮቹን ዘረዘረልኝና መጨረሻ ላይ «ደግመው ለመስማት አንድን ይጫኑ» ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁት። ልጄ ሳቀችብኝ። በወጣትነቴ እንዲህ ያለ በስልክ የሚናገር ማሽን እንደሠራሁ ታውቃለች፤ ለምን እንደምሸሸው ግን ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ጌጃ ሰፈር ነበርን። ኮምፒውተር ተምሬ ገና መመረቄ ስለነበር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። በክረምት ጭቃ ከሚንከራተቱ ኮምፒውተር ለአባላቱ ሁሉ ደውሎ ሞቱን ይንገር አልኩ፤ የእድሩ ዳኛም ተስማሙ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እያቆምን፣ ሲያባራ እየቀጠልን፣ በመሃል የተጠበሰ በቆሎ እየበላን የጋሽ ታደሰን ድምፅ ቀዳሁ። ከ«አርፈዋል» ጀምሮ እስከ «ደግመው ለመስማት አንድን ይጫኑ» ድረስ ሁሉንም አሉልኝ። የሟች ስም ግን አስቀድሞ አይቀዳምና እሱን ኮምፒውተሩ ራሱ ድምፅ እየገጣጠመ እንዲጠራ አደረግሁ። ለሙከራ የራሳቸውን ስም አስገባሁ።

«ገደልከኝ እኮ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ልጄ፣ እኔ ጥሩንባ ስነፋ በዝምታ የማልፈውን በር አውቃለሁ። ይሄ ያውቃል?»

«ያውቃል ጋሼ» አልኩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።

ነሐሴ ላይ የእትዬ ዘነበች አንድያ ልጅ ደረጀ ከሐዋሳ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ሲነጋጋ ሄደው እናቱን ሊያረዱ ተነጋገሩ። እኔ ደግሞ አባላቱ ድንኳን ለመትከል ማልደው እንዲገኙ በዋዜማው መልእክቱን እንድልክ ታዘዝኩ። የደረጀን ስም ጽፌ ላክሁት። እትዬ ዘነበችም የእድሩ አባል ነበሩ። ቁጥራቸውን ከዝርዝሩ ማውጣት ትዝ አላለኝም።

ጩኸታቸውን ከቤቴ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ስልኩን ጨብጠው ደጃቸው ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ማን የትኛውን ቁጥር እንደተጫነ ይመዘግብ ነበር። ከእትዬ ዘነበች ስልክ ጎን «1» ሰባት ጊዜ ተጽፏል። ያ የማሽን አንደበት የልጃቸውን ስም ሲጠራ፣ ተሳስቶ ይሆናል ብለው ሰባት ጊዜ አስደግመውታል። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በአርባው እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ጎትተው አነሱኝ።

«መልካም አስበህ ነው፤ አውቃለሁ» አሉኝ። «ብቻ ያን ስሰማ የሚይዘኝ ሰው አልነበረም።»

መንደራችን ፈርሶ ዛሬ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። እትዬ ዘነበችም ጋሽ ታደሰም የሉም። የዘንድሮ ማሽኖች ድምፃቸው ከሰው አይለይም፤ ስም ሲጠሩም አይደናቀፉም። እኔ ግን ቀጠሮውን ለመያዝ ክሊኒኩ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሕንፃችን ውስጥ መርዶ ሲኖርም ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹን ተከትዬ እወጣለሁ። የምናገረው የለኝም። መርዶ ከሚነገረው ሰው አጠገብ ብቻ እቆማለሁ፣ ልይዘው።