መርሳ የመጣው ናቫሆ ጋዜጠኛ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ድንገተኛ ዝናብ ጣለ። ከቤቴ በታች ባለው ሜዳ ለበዓል የመጡ በጎች ታጉረው ነበርና ነጋዴዎቹ ወደ በረንዳው ሲሮጡ እንስሳቱ እዚያው ቀሩ። ሽታቸው በመስኮት ገባ፤ ርጥብ ሱፍ፣ ጭቃ፣ ትንሽ የጭስ ነገርም ያለበት። የጎረቤቴ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ መስኮቱን ልትዘጋልኝ ተነሣች። «ተዪው፣ ክፍት ይሁን» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ያን ጊዜ መርሳ ነበርኩ። ዘመኑ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ አባቴም እናቴም ተከታትለው ካለፉ በኋላ ወልድያ ላይ የሚያቆየኝ ስላልነበረ፣ መርሳ ወርደሽ እንግሊዝኛ አስተምሪ ሲሉኝ ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። የተከራየሁት ባላቸው ለንግድ አሰብ ሄደው ከቀሩባቸው አንዲት ሙስሊም እናት ቤት ነበር። እሳቸው በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው፤ በመካከላችን አንዲት በግ።

ክረምቱ ሁለት ጊዜ ከዳን። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ ቀረ። ፊት፣ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ «አቤት» የሚለው ድምፅ ጣሪያውን ያነቃንቀው ነበር፤ በዚያ ሚያዝያ ግን ስም ስጠራ የምሰማው የራሴን ድምፅ ብቻ ሆነ። ከቆላው የመጣው ሰው በአስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ወደ ሰሜን የሚያልፉ መኪኖችን ያያል። ቀኑን ሙሉ ሲንዶቀዶቅ የምናውቀው ወፍጮ ቤት ዝም አለ። አከራዬ ለበጓ የምትበላው ቢያጡ የማድቤቱን ጣሪያ ሣር በጥቂት በጥቂቱ እየመዘዙ ይሰጧት ጀመር። «ዝናብ የለ፣ ጣሪያ ለምኔ» ይሉ ነበር። ማታ ማታ ሬዲዮ እንከፍታለን። ሬዲዮው ስለ ሌላው ዓለም ሁሉ ያወራል፤ ስለ እኛ ግን አንድም ቀን ሲያነሣ አልሰማሁም።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው የወረዳው ጸሐፊ ያስጠራኝ። ከደሴ በመጣ የጭነት መኪና አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኛ መውረዱን፣ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። «ስለ እርሻና ስለ አየር ጠባይ ነው የሚጠይቀው» አለኝ። «ሌላ ነገር ከጠየቀ እኔን ትጠይቂኛለሽ።»

ነጭ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ከቢሮው በር ላይ የቆመው ሰው ግን ፊቱ እንደ እኛው ጠይም፣ ጉንጩ ሰፊ፣ ጥቁር ረዥም ጠጉሩን ከኋላ በክር ያሰረ ነው። መንገድ ላይ ያሉት ልጆች «ፈረንጅ!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ግራ ገብቷቸው ዝም አሉ። አከራዬ በኋላ ሲያዩት «ይሄስ የኛን ይመስላል፤ ደግሞም አይመስልም» ነበር ያሉት።

«አሜሪካዊ ነህ?» አልኩት።

«አሜሪካ ሳትመጣ በፊት እዚያ ነበርን» አለና ሳቀ። ቁጢጥ ብሎ አቧራው ላይ በጣቱ አራት ተራሮች ሣለልኝ። በመካከላቸው ያለው የሕዝቡ ምድር ነው፤ ሕዝቡ ናቫሆ ይባላል። የሚሠራው ለራሱ ሕዝብ በምትታተም አንዲት ትንሽ ጋዜጣ ነበር። ደሴ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሐኪም ወዳጁ «እዚህ ሰው እያለቀ ነው፣ የሚናገርለት የለም» ብሎ ስለነገረው ነው የመጣው። በዚያው ሰሞን በአገሩ፣ ወገኖቹ ባይሆኑም እንደ እሱ የምድሪቱ ነባር የሆኑ ሰዎች አንዲት መንደር ይዘው ከመንግሥት ጋር ተፋጠው እንደነበር አጫወተኝ። «ታዲያ ለምን እዚያ አልሄድክም?» ስለው፣ «እዚያ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ አለ። እዚህ ማን አለ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ማንም አልነበረም።

ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ከሀብሩ ቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ከመጡ ወዲህ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ያያቸው የለም። ጋዜጠኛው ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ጸሐፊው በስተኋላችን ቆሟል። «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኳቸው። በዐይናቸው መለሱልኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄውን ስሰማ ለመተርጎም አፈርኩ። «መጨረሻ የሞተችባቸው በግ ስሟ ማን ነበር?» ነው ያለኝ። እንደ ምንም ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ዳለቻ» አሉ። «አመድማ ነበረች። ሌሎቹ የሚከተሉት እሷን ነው። እሷ ስትወድቅ ያሉትም ቆሙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይሄ ሰው በግ ያውቃል እንዴ?» አሉኝ።

ያውቅ ነበር። እናቱ ልጅ ሳለች የመንግሥት ሰዎች መጥተው «በጎቻችሁ በዝተዋል፣ ምድሩን አራቆቱት» ብለው ሸለቆ ውስጥ እየነዱ እንደፈጁባቸው፣ እናቱ ዛሬም ድረስ በዚያ ሸለቆ እንደማታልፍ ነገራቸው። እኔም ቀስ እያልኩ ተረጎምኩላቸው።

«ሣር እያለ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጥቂት ነበር ይላል።»

«ሣር እያለ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላህ ይፍረድ። የኛንስ የወሰዳቸው ባለቤቱ ነው።»

ጸሐፊው ትዕግሥቱ አለቀ። «ስለ በግ ሊጠይቅ ነው ባሕር የተሻገረው?» አለኝ። ጋዜጠኛው ግን ቀጠለ፤ ቀያቸውን ትተው እዚህ የመጡት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ሽማግሌው አላመነቱም። «ርቦን ነዋ፣ ልጄ። ልጆቼን መንገድ ላይ አፈር አልብሼ ነው የመጣሁ። ይሄ ሌላ ምን ይባላል?»

«ለገበያ ነው የመጣነው አሉ በይው» አለ ጸሐፊው፣ ከጆሮዬ ሥር።

ጸሐፊው ያለኝን ሽማግሌው ሰምተዋል። ሰው ዕቃውን ለሌላ አሸክሞ እንደሚያይ ያዩኛል። የገዛ ቃላቸው እኔ እጅ ላይ ነበር። ያሉትን እንዳሉት ተረጎምኩት። ጨምሬም፣ ለገበያ ነው የመጡት በይ እየተባልኩ ነው አልኩት። ጸሐፊው እንግሊዝኛ አይችልም፤ ግን ልጆች የሚያልፈውን ፈረንጅ ይለምኑባት ስለነበር በዚያ ዓመት ያቺን አንዲት የርሀብ ቃል የማያውቃት አልነበረም። «ሀንግሪ ነው ያልሽው?» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ነው» አልኩት።

ጋዜጠኛው ካሜራውን አወጣ፤ ፈቃዳቸውን እንድጠይቅለት ነገረኝ። «ምስሌን ወስዶ ምን ያደርግበታል?» አሉ ሽማግሌው። በግ ለሚያረቡት ለእናቱና ለዘመዶቹ እንደሚያሳይ ነገርኳቸው። «እንግዲያስ ተቀምጬ አይሆንም» አሉ። ክንዳቸውን ደገፍኳቸው፤ የጨበጥኩት አጥንት ነበር። ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ጺማቸውን ዳበሱ። «አሁን ያንሣኝ። ሰው መሆኔን ይዩ።»

ጋዜጠኛው ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት ሰነበተ። አመሻሽ ላይ ግራና ወደምትባለው መንደር በሚወስደው መንገድ በእግራችን እንወጣ ነበር። አንድ ቀን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ገጠሙንና ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ፤ ካሜራውንም በኮቱ ሸፈነው። በእነሱ ዘንድ ሙት እንደማይታይ፣ ስሙም እንደማይጠራ ነገረኝ። «ትልልቆቹ ጋዜጦች ግን የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው» አለ። «እኛም አገር እንዲሁ ነው። አንድ ቀን መጥተው የሰከረውን፣ የሞተውን አንሥተው ይሄዳሉ። ሠርግ ላይ መጥተው አያውቁም።»

ቋንቋውን የሚናገርበት ሰው ካጣ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ጠዋት ጠዋት ከመስተዋት ፊት ቆሞ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሲነግረኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ትንሽ ላውራልሽ?» አለኝ። «መልስ አያስፈልግም።» ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም ከጉሮሮው እየቆረጠ፣ ብዙ አወራኝ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ግን ሰው የቆየ ነገር ሲናገር ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ አየሁ። ፀሐይዋ ከግራና በላይ ያሉትን ተራሮች ጫፍ ብቻ ይዛ ነበር።

ሲጨርስ እኔም በአማርኛ ጀመርኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቤት ስሜን የጠራኝ ሰው እንደሌለ ነገርኩት። ማታ ማታ በሬን ስዘጋ «ማነው?» የሚለኝ እንዳጣሁ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ማስተማር እንደሚያስፈራኝ ነገርኩት። ለማንም ያልተናገርኩትን ነው። ምን እንዳልኩ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ተነሥተን ወደ መርሳ ወረድን። ከስንት ሰው ጋር ኖሬያለሁ ከዚያ በኋላ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰው ሰማኝ ብዬ አላውቅም።

ሊሄድ ባለበት ጠዋት ዝናብ ጣለ። ትንሽ ነው፤ አቧራውን ወግቶ ወዲያው ተወ። ጋዜጠኛው ሊሰናበተን ግቢያችን ገብቶ ነበር። የአከራዬ በግ ርሳ፣ ሱፏ ከአጥንቷ ላይ ተለጥፎ ቆማለች። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ አንገቷ አስጠጋና ዐይኑን ጨፈነ።

«ምን ሆኖ ነው በግ የሚስመው?» አሉ አከራዬ።

«አገሩ ሸቶት ነው።»

«አይ የሰው ልጅ!» አሉና ገመዷን ፈቱለት። «እንካስ፣ በደንብ ይቀፋት።»

ገና አቅፏት ሳለ የፖሊስ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለህ አሉት። አልተከራከረም። «ጻፈው» አልኩት። «እጽፈዋለሁ። ማን እንደሚያነበው ግን አላውቅም» አለኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በኋለኛው መስታወት ወደ ተራራዎቹ ያይ ነበር፤ ወደ እኔ ያየ እንደሆነ አላስታውስም።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ታገድኩ። ጸሐፊው ራሱ ነው የነገረኝ። አከራዬ ስነግራቸው ማልቀሴን ጠበቁና ሳላለቅስ ስቀር እሳቸው አለቀሱ። ከዚያ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ያለችውን እንቀምሳለን።» በጓን ያረዷት በዚያ ሰሞን ነው። ከግድግዳው ሥር ለነበሩት ሁሉ መረቁን አደረሱ፤ ለሽማግሌው ያደረስኩት እኔ ነበርኩ።

መስከረም ሲጠባ ዓለም ሰማ። የእርዳታ መኪናዎች፣ ነርሶች፣ ጋዜጠኞች መጡ፤ እኔም ገንፎ እያማሰልኩ አስተረጉም ጀመር። የመጣውን ጋዜጠኛ ሁሉ ስለ ናቫሆው እጠይቅ ነበር። «አሜሪካ እኮ ሰፊ ነው» ይሉኛል። ጽፎት ይሁን፣ ጽሑፉ ጠፍቶበት ይሁን፣ አገሩ ይግባ አይግባ የነገረኝ የለም። ከዓመት በኋላ ንጉሡ ወረዱ፤ ጸሐፊውንም ወሰዱት፤ እኔ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። የተመለሱትን ልጆች ብቻ ነበር የምጠራው።

ሽማግሌው ተርፈው ነበር። ዘር አግኝተው ወደ ቆላ ወረዱ። በየገበያው ቀን ሲወጡ ግን የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፈው እስክወጣ ይጠብቁኛል።

«እትዬ፣ ያ በግ የሚያውቀው እንግዳ ላገሩ በቃ?»

«ገብቷል፣ አባቴ።»

«እናቱንስ አገኛት?»

«አግኝቷታል።»

«አልሐምዱሊላህ» ይሉና ወደ ገበያቸው ይሄዳሉ። ባለፈው ገበያ የነገርኳቸውን ረስተው አልነበረም። እንደገና መስማት ስለሚፈልጉ ነበር የሚጠይቁኝ፤ እኔም እንደገና መናገር ስለምፈልግ እመልሳለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ቀሩ። በሚቀጥለውም አልመጡም። ከቆላ የወጡ ሰዎች፣ በራሳቸው ቤት፣ ማሽላቸው ከታጨደ በኋላ ማለፋቸውን ነገሩኝ። በሦስተኛው ገበያ ቀን እግሬ ልማዱን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። ሰው ከነአህያው፣ ከነግመሉ ያልፋል። የሚጠይቀኝ አልነበረም።

«ገብቷል፣ አባቴ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ደወል ተደወለና ወደ ክፍሌ ገባሁ።