«ማቲ» ማለት ማን ነው?

ጉደር አማርኛ እንዳስተምር ተመድቤ ስሄድ ከኦሮምኛ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነበር። የተከራየሁት ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ነው። ሰፈሩ እናት ለማለት «አዴ» ስለሚላቸው እኔም አዴ አልኳቸው። በተርታ ከተሠሩት ክፍሎች የመጨረሻው የእኔ ነበር፤ መስኮቱ ሲከፈት የጓሮው ባሕር ዛፍ ይሸታል። ዛሬም ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሲሸተኝ እዚያው ያለሁ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ዓመት ደሴ ያለው አባቴ ታመመና ደመወዜ ወደዚያ መሄድ ጀመረ። ኪራይ መክፈል እንዳቃተኝ ልነግራቸው ስገባ አዴ የገብስ ጩኮ በቅቤ እያሹ ነበር። ሳልጨርስ አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተቱና «ኪራዩን ተይው፤ አባትሽን አሳክሚ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራቴም ከእሳቸው ጋር ሆነ።

ሐምሌ ሲገባ አዴ የኪራይ ገቢ ግብር ማሳወቂያ ቅጽ ይዘው መጡ። የተጻፈው በኦሮምኛ ነው። አዴ ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ደግሞ ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን አላውቅም። ስለዚህ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው ቃሉን ስሰብረው እየሳቁ ያርሙኝና በአማርኛ ይነግሩኛል። አንዱ ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። ያለ ኪራይ የሚኖር «ማቲ»፣ ማለትም የቤተሰብ አባል፣ ካለ ለዚያ ክፍል ግብር አይከፈልም ይላል።

«ማቲማ አንቺ ነሽ» አሉ።

«አዴ፣ ሕጉ የሥጋ ዘመድ ማለቱ ይሆናል እኮ።»

«እንጠይቃቸዋ!»

በማግስቱ ግብር ቢሮ ሄድን። ባለሙያው ቅጹን አየና «ቤተሰብ የሚባለው የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የሥጋ ዘመድ ነው። እሷ ምንዎ ናት?» አላቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉት፤ ልጄ ናት ማለታቸው ነው።

አገሬን ጠየቀኝ። ደሴ ስለው ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ቤተሰብ ብዬ ልጽፍልዎ አልችልም። ግን አይጨነቁ፤ ክፍሉ ባዶ ነው ብለን እንሙላው፤ ለባዶ ክፍል ግብር የለም።»

እኔ እፎይ አልኩ። አዴ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ሰው እያደረበት እንዴት ባዶ ይባላል? እንዲህ ብዬ ከማስጽፍ ግብሩን ብከፍል ይሻለኛል!»

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። አንገቴን ደፋሁ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። ባለሙያው ወደ ኃላፊው ክፍል ገብቶ ቆይቶ ተመለሰና፣ «ያለ ኪራይ ሰው ይኖርበታል» ተብሎ እንደሚሞላ፣ ግብር እንዳይጠየቁበትም ከቀበሌ ማረጋገጫ እንደሚበቃ ነገራቸው።

«እንዲህ በለኝ እንጂ!» አሉና ተቀመጡ።

ቀበሌ ላይ ጎረቤቶች መጥተው መሰከሩልን። አንዷማ ሳትጠየቅ፣ አዴ ለእኔ ሲሉ ከወጡ በርበሬ መቀነሳቸውን ጭምር ተናገረች።

አባቴ ተሽሎት ጥር ላይ ሊያመሰግናቸው መጣ፤ ሙክት አሳረዱለት። እኔ በኋላ ወደ አምቦ ተዛወርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ኑሮ ሲበዛ ግን እንደ ልብ አይኬድም። በሄድኩ ቁጥር በር ላይ ቆመው «ጠፋሽ!» ብለው ይቆጡኛል፤ ከዚያ መልሴን ሳይሰሙ ልጆቼን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ።