ደዶ ላይ ያስተረጎምኩት ስም

ሰኞ፣ አዲስ አበባ፣ ገና ሳይነጋ

አውቶቡስ ተራ ከሰማዩ ቀድሞ ነቅቷል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፍራሽ፣ ጄሪካንና በገመድ የታሰረ የሽቦ አልጋ ይደረድራል። ከታች ሴቶች ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በትሪ ይዘው ከመስኮት መስኮት ይዞራሉ። የይለፍ ወረቀታችን በአሠልጣኛችን በወይዘሮ ጽጌ ቦርሳ ውስጥ ነው። እኛ ሠልጣኞቹ አራት ነን። ሰው ቤት ገብቶ ስለ ኑሮውና ስለ ገበያው መጠየቅን፣ የሰሙትን ሳያጣምሙ መመዝገብን ስንማር ከርመናል። ወደ ጅማ የምንሄደው ለመስክ ልምምድ ነው። ከልምምዱ በኋላ ከአራታችን አንዱ እዚያው በቋሚነት ይመደባል።

ያ ሰው እኔ እንድሆን ከልቤ እፈልጋለሁ። ተወልጄ እስከ አሥር ዓመቴ ያደግኩት ጅማ፣ አወቱ መንደራ ነው። እናቴ እኔን በወለደች በዓመቷ ሞተች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ስለማይነሳ ያሳደጉኝ ጎረቤታችን አዴ ከድጃ ናቸው። «አዴ» እዚያ ታላቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። ከልጃቸው ከዘሃራ ጋር ከአንድ ሳህን በላሁ፣ በአንድ ምንጣፍ ተኛሁ፤ አፌን የፈታሁትም በእሳቸው ኦሮምኛ ነው። አብዮቱ ከመጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አባቴ ቀበሌ ተጠራ፤ ሁለት ቀን አድሮ ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላው መኪናውን ጭኖ፣ እኔን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ምን እንደገጠመው ነግሮኝ አያውቅም። ስለ ጅማ ስጠይቀው አቀርቅሮ መርፌው ላይ ክር ያስገባል።

ወሊሶ ላይ ሻይ ጠጣን። ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ መጣ፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ኬላው ላይ ወርደን ተሰለፍን። ወታደሩ ፊታችንን ከመታወቂያችን ጋር እያስተያየ አሳለፈን። በስሙኒ ሙዝ ገዝቼ ተመለስኩ። የተቀመጥኩት ከሹፌሩ ኋላ ነው፤ በመስታወቱ አየኝ።

«ጅማ ዘመድ አለሽ?» አለኝ።

«እንጃ።»

«ዘመድ ያለው ሰው እንጃ አይልም።»

«ይኖሩ ይሆናል። ከተለየኋቸው አሥር ዓመት ሆነኝ።»

«አሥር ዓመት በዚህ ዘመን ረጅም ነው» አለና ማርሽ ቀየረ።

ከአሰንዳቦ በኋላ ምድሩ ይለመልማል። ሰርቦ ላይ በየደጃፉ ቀይ ቡና በሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ ዶሮዎች ዳር ዳሩን ይጭራሉ። አንዲት ሴት እጇን በግንባሯ ላይ ጋርዳ አውቶቡሱን ታያለች። አውቶቡሱ አልቆመም። እኔ ግን አንገቴን አዙሬ እስክትጠፋ አየኋት፤ የማውቃት ሴት አልነበረችም።

ማክሰኞ፣ ሸቤ

የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ጠዋት ወደ ሸቤ ወሰደን። መንገዱ በጫካ ጥላ ውስጥ ያልፋል፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ገበሬዎቹ ከየቦታው ተሰብስበው በመስመር በተሠራ አዲስ መንደር ሰፍረዋል። ጎጆዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ቆመዋል።

መጀመሪያ የገባሁት ኦቦ ነጋሽ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አብሮኝ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ቡናዎን ለማን ይሸጣሉ?» አልኳቸው።

«ለመንግሥት።»

«ዋጋው እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ከገበያ የሚጎድልብዎ ነገር አለ?»

«ምንም አይጎድልም።»

እኔም በየመልሱ ራሴን እነቀንቃለሁ። ወይዘሮ ጽጌ ሁሉን ከውጭ ሲሰሙ ነበር። ገቡና ሊቀመንበሩን ክንዱን ይዘው «ጓድ፣ እስቲ የውኃ ጉድጓዱን ያሳዩኝ» ብለው ይዘውት ወጡ። ኦቦ ነጋሽ የእግራቸው ኮቴ እስኪርቅ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ አሁን ጠይቂኝ» አሉኝ በኦሮምኛ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ጽጌ ዛፍ ሥር ሰብስበው ገመገሙን። «አንቺ ራስሽን አትነቅንቂ» አሉኝ። «ስትነቀንቂ መልሱን አንቺ መለስሽው ማለት ነው። ሰው ዝም ሲል ደግሞ ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩዪ፤ ሊናገር ያለው ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው።» ከዚያ ሁላችንንም እያዩ የነገሩንን ደገሙልን፤ ዘመድና ወዳጅ አይጠየቅም፤ የምናውቀው ሰው ከገጠመን ደብቀን እንዳንጽፍ።

ረቡዕ፣ አወቱ መንደራ

ከሰዓት በኋላ እረፍት ነበር። ብቻዬን ወጣሁ። መንደሩ አንሶ አገኘሁት፤ በልጅነቴ ሩቅ ይመስሉኝ የነበሩ ቤቶች ሁሉ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። የአባቴ ቤት የቀበሌ ሱቅ ሆኗል። ሳሙና መጥቷል ተብሎ ሴቶች ተሰልፈዋል። የአዴ ከድጃ ባል በርጩማ ይጠርቡበት የነበረው ደጅ በቆርቆሮ ታጥሯል።

ማዶ ካለው የቆርቆሮ ሥራ ቤት አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ሰላምታ ሰጥቼ ስለ በርጩማ ጠራቢው ቤተሰብ ጠየቅኳቸው።

«እሳቸው ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይማራቸው» አሉኝ። «ሴትዮዋ ከልጃቸው ጋር ትውልድ አገራቸው ገቡ፣ ደዶ። ዓይናቸው ደከመባቸው መሰል። ምን ትያቸዋለሽ?»

ምን እላቸዋለሁ? በኦሮምኛም በአማርኛም ቃሉ የለኝም። «ያሳደጉኝ ናቸው» አልኩ።

«እንግዲያ እናትሽ ናቸዋ» አሉና መዶሻቸውን አነሱ።

ማታ የነገው መንገዳችን ተነገረ። ደዶ ነው።

ሐሙስ፣ ደዶ

ዳገቱን ስንወጣ ብርድ ተቀበለን። ቡናው ወደ ታች ቀረ፤ ገብስ፣ እንሰትና ጭጋግ መጣ። እንደ ደረስን ቤት ቤት ተከፋፈልን። እኔ ሁለት ቤት ጠይቄ ሳልጨርስ ግርማ እየሮጠ መጣ። ግርማ ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ አይችልም። አስተርጓሚ ሆኖ የተሰጠው ሰው ገበያ ወርዷል።

«አንዲት አሮጊት አሉ፤ ምንም አይመልሱልኝም» አለ። ወይዘሮ ጽጌ እኔን እንድሄድ አዘዙኝ፤ እሳቸውም ተከተሉ።

ገና ከበሩ ድምፃቸውን ሰማሁ። ጎሮሮ ጠርገው «ቢስሚላህ» ሲሉ ነው ያወቅኳቸው። ዝም ብዬ ብገባና ሥራዬን ብሠራ ማንም አያውቅም። ግን ወይዘሮ ጽጌን ወደ አጥሩ ጎተትኳቸው።

«ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ስፈልጋቸው ነው የከረምኩት።»

«መጠየቅ አትችዪም» አሉ። «ግርማ ይጠይቅ። አንቺ ቃሉን አስተርጉሚ፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። ማን እንደሆንሽ ሥራው ሲያልቅ ትነግሪያቸዋለሽ።»

አዴ ከድጃ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ዓይኖቻቸውን ሞራ ሸፍኗቸዋል፤ ወደ ድምፅ ነው የሚዞሩት። ግርማ ጠየቀ፤ እኔ ድምፄን አቅንቼ አስተረጎምኩ።

«ባለፈው ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ወንድ ልጅ አለሽ ወይ አለኝ» አሉ። «የለኝም አልኩ። ጎረቤቴ ግን ነበራት፤ ነገረችው። ልጇ አሁን ሰሜን ጦር ሜዳ ነው። እናንተስ ለምን ትጠይቃላችሁ?»

ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ወይዘሮ ጽጌ ወደ እሳቸው ተጠጉ። «ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ስማቸውን ለማንም እንደማናሳይ ንገሪያቸው። ካልፈለጉ እንሄዳለን በያቸው።»

«ሂዱ ካልኳችሁ ትሄዳላችሁ?»

«እንሄዳለን» አልኩ።

«እንግዲያው ተቀመጡ።»

ስለ ጨው፣ ስለ ላምባ፣ ገበያ ማን እንደሚወርድላቸው ተናገሩ። ከዚያ ግርማ ስለ ልጆች ጠየቀ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ሁለት ሴቶች አሉኝ።»

«ስማቸው?»

«ዘሃራ እዚሁ ናት፤ ገበያ ሄዳለች። ሁለተኛዋ አስቴር።»

«ዘሃራ» አልኩ ለግርማ። ሁለተኛው ስም አፌ ውስጥ ቀረ። «አስቴር» አልኩ በመጨረሻ፤ የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም።

ግርማ እስክሪብቶውን አንስቶ እኔን አየ፣ ወይዘሮ ጽጌን አየ።

«ያሉትን ጻፍ» አሉት።

«አስቴር የት ነው የምትኖረው?»

«ሸገር። አባቷ ወስዷታል።»

ቀጣዩን ጥያቄ ግርማ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያነበበው። «በሕይወት አለች?» አስተረጎምኩት። አዴ ከድጃ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ሞተች ያለኝ የለም» አሉ። «ሞተ ያልተባለ ልጅ አለ ነው የሚባለው።»

ይህንንም ተናገርኩ። ግርማ ጻፈ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ጠየቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ኦሮምኛሽ የጅማ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

ወይዘሮ ጽጌን አየሁ። «ጨርሰናል፤ መልሺላቸው» አሉኝ።

«አስቴር ነኝ፣ አዴ።»

አልጮሁም፣ አላለቀሱም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ተንበረከክሁላቸው። ጣቶቻቸው ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን ቀስ ብለው ዞሩ። «ኢንተለ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም «ምሳ በልተሻል?» አሉኝ። ወይዘሮ ጽጌ ግርማን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ፤ እስከ ጠዋት ፈቀዱልኝ።

ዘሃራ አመሻሽ ላይ ጨው ተሸክማ ገባች። ስታውቀኝ ጨውዋን አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በኋላ ማርቃውን፣ ገንፎውን ማለቴ ነው፣ እያገላበጠች ተናገረች።

«ሰው በጠየቃት ቁጥር ሁለት ናቸው ትላለች። እኔ አንዷን ስጠብቅ አደግኩ። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ መጣሽ» አለችና ቅቤውን ወደ እኔ በኩል አፈሰሰችው።

ሦስታችን ከአንድ ገበታ በላን። ጅማ ልመደብ እንደምችል ነገርኳቸው፤ በየገበያው ቀን ዳገቱን ወጥቼ እንደምመጣ፣ አዴን ሐኪም ቤት እንደምወስዳቸው። ዘሃራ ከየት እንደምከራይ ሁሉ መከረችኝ። አዴ ከድጃ እጄን እንደያዙ «ኢንሻአላህ» ይላሉ።

ዓርብ፣ መመለሻ

ዘሃራ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። በቅጠል የተጠቀለለ ቡና ቀላ ሰጠችኝ፤ በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ፣ ለመንገድ የሚታኘክ። አዴ ከድጃ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የመኪናው ድምፅ ወደ ሄደበት ሁሉ ፊታቸው ዞረ።

ከጅማ አውቶቡስ ያዝን። የግቤን ዳገት ስንጨርስ ወይዘሮ ጽጌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ጥሩ ሠርተሻል» አሉኝ። «ጅማ ግን አልልክሽም። ነቀምት ነው የምትሄጂው።»

«ለምን? ኦሮምኛ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ለዚህ ነው ነቀምት ያልኩሽ። ጅማ ግን ሰውሽ አለ። የሚጎዳቸውን እየተውሽ፣ የሚጠቅማቸውን እየመረጥሽ ትጽፊያለሽ። ሆን ብለሽ አይደለም፤ ስለምትወጂያቸው።»

«አልጽፍም።»

«ትናንት አንድ ስም ለመናገር ምን ያህል እንደፈጀብሽ አይቻለሁ።»

ብዙ መንገድ ሄድን። «ባልነግርዎት ኖሮስ?» አልኳቸው።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እልክሽ ነበር» አሉ።

አልተቆጣሁም። መቆጣት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ነቀምትና ደዶን በልቤ እለካለሁ፤ የይለፍ ወረቀት፣ ሁለት አውቶቡስ፣ ዳገቱ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ምናልባት።

አዲስ አበባ ስንገባ ያካፋ ነበር። ቡድኑ ተሰነባብቶ ተበተነ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ፣ አንዲት ባለ ሻሽ እናት መንገደኛውን ሁሉ በኦሮምኛ እያስቆሙ ይጠይቃሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ለነገ የጅማ ትኬት የት እንደሚቆረጥ ነው የቸገራቸው። ጓዛቸውን ተሸክሜ እስከ መስኮቱ አደረስኳቸው፤ ቆረጥኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ትኬት ቆራጩ ቀና አለ። «አንቺስ? ጅማ ነው?»

«አይ፣ ለእሳቸው ላስቆርጥ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ከመስኮቱ ግን አልራቅኩም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው «እህቴ» ብሎ ትከሻዬን እስኪነካኝ እዚያው ቆሜ ነበር።